ቱሃሚ እና የደባጊን አሳንሰር

ዛሬ ደባጊን ወርዶ ቱሃሚ በንጀዱን የሚጠይቅ ሰው፣ የሚያስታውስለት ካገኘ ዕድለኛ ነው። ሽማግሌዎቹ አልቀዋል፤ ልጆቻቸው ከከተማው ውጭ ወደተሠሩት አዳዲስ ፎቆች ተበትነዋል። ያኔ ግን በዚያ ሰፈር የእሱን ያህል የሚታወቅ ሰው አልነበረም። ኢማሙን የሚሰግድ ያውቀዋል፣ ሐኪሙን የታመመ ያውቀዋል፤ ቱሃሚን ግን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ያውቀዋል። ወደ ከተማ የሚወጣ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ነበር የሚያልፈው።

ደባጊን ከገደል ሥር፣ ወንዝ ዳር ያለ ሰፈር ነው። የቆረቆሩት ቆዳ አልፊዎች ናቸው፤ በበጋ ሽታው ከደረቀ ልብስ ላይ እንኳ አይለቅም ነበር። ከተማው ያለው ገደሉ አናት ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ገበያው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ወደዚያ የሚያወጡት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ በገደሉ ጎን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ ሌላው አገሩን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች አለቱን ቀጥ አድርገው ፈልፍለው የሠሩት አሳንሰር። ሲሠሩት ለደባጊን ሰው አዝነው አልነበረም። ምግብ አብሳዮቻቸውና ልብስ አጣቢዎቻቸው ጠዋት ሳይደክሙ እንዲደርሱላቸው ነው። የቱሃሚ አባት ተሸካሚ ነበር፤ ጆንያ የያዘ ሰው አሳንሰር ውስጥ አይገባም ስለተባለ ዕድሜውን በደረጃው ላይ ጨረሰ።

ቱሃሚ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በአሳንሰሩ ጽዳት ተቀጠረ። በፈረንጆቹ 1962 ፈረንሳዮቹ ለቀው ሲወጡ፣ አሳንሰሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ሰውዬ አንድ ጠዋት ቆቡን ወንበሩ ላይ፣ ቁልፉን ቆቡ ውስጥ አስቀምጦ ሄደ። ማንም ማንንም አልሾመም። ቱሃሚ መጥረጊያውን ጥግ አስደግፎ ቁልፉን አነሳ። ቆቡ ስለሰፋው ልብስ ሰፊው አላዋ ጋ ወስዶ አስጠበበው።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰው የሚሄድበት ሳይኖረው ይወጣና ይወርድ ነበር። የአባቱ ጓደኞች፣ እነዚያ ወገባቸው የጎበጠ ተሸካሚዎች፣ ጆንያቸውን እንዳዘሉ ገብተው ይቆማሉ። «አስቀምጡት እንጂ» ሲላቸው አያወርዱትም። አሳንሰሩ እንዳይከብደው ብለው ነው። ቱሃሚ ይህን ሲያወራ ዕድሜ ልኩን ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

የአሳንሰሩ ሳጥን በእንጨት የተለበጠ ነው፤ አሥራ አራት ሰው ይይዛል። ከታች እስከ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ቱሃሚ ጥግ ላይ ለእርጉዞች የምትታጠፍ አግዳሚ ሠርቶ በማጠፊያ ሰቀለ፤ ለሴቶቹ ደግሞ መዳፍ የምታክል መስታወት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹን ያወጣል። ከዚያ ፋብሪካ ሠራተኞቹን። ከዚያ ሴቶቹ ወደ ገበያ ሲወጡ ቁልፋቸውንና መልእክታቸውን እሱ ዘንድ ይተዋሉ።

«ዐሚ ቱሃሚ፣ ባሌ ሲወርድ ድስቱ ምድጃው ላይ ነው በለው። እንዳይነካው በለው። ነክቶትም ከሆነ የነካኸው አንተ ነህ ትላለች በለው።»

ዐሚ ይሉት ነበር፤ አጎቴ እንደማለት ነው። መልእክቶቹን አንድም ቀን አላቀያየረም። ሐሙስ ሐሙስ ሙሽሮች ይወጣሉ። ያኔ አሳንሰሩን እመሃል ላይ ለአፍታ ያቆመዋል፤ ሴቶቹ አለቱ ውስጥ እልልታውን ያቀልጡታል። ድምፁ በጉድጓዱ ወጥቶ ላይኛው ከተማ ስለሚሰማ፣ ሙሽራዋ ሳትደርስ ሰው «የደባጊን ሙሽራ መጣች» ብሎ በር ላይ ይቆማል።

የገዛ ሚስቱን ያገኘውም እዚያው ነው። ውኒሳ ላይ ከተማ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ እየወሰደ መለሳት፤ ከ«በሩን ተጠንቀቂ» በቀር ቃል አልወጣውም። አንድ ቀን ብቻዋን ገባች። ሳጥኑ ሲነሳ፣ «ያቺ በር ስምንት ወር ሙሉ አልነከሰችኝም» አለችው። «ሌላ የምትለው ነገር ካለህ አንድ ደቂቃ ተኩል አለህ።» ቱሃሚ እጀታውን ሳያስበው ለቀቀው፤ አሳንሰሩ ቆመ። በበጋው ተጋቡ።

እንዲህ ሲባል ዘመኑ ሁሉ ደስታ ነበር ማለት አይደለም። አሳንሰሩ በዕድሜ ከቱሃሚ ብዙ አያንስም፤ ሞተሩ አርጅቷል፣ ፍሬኑ ሳስቷል። ከላይ ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ የዕለት መዝገብ አለ። ቱሃሚ ማታ ማታ አሳንሰሩ እንዴት እንደዋለ ይጽፍበታል፤ ወር ሲያልቅ ከማዘጋጃ ቤቱ መጥተው ይወስዱታል። በ1975 ጸደይ ላይ «ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ይታይልኝ» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። መዝገቡ በተወሰደ በሦስተኛው ቀን ከማዘጋጃ ቤቱ ሁለት ሰዎች መጡና በሩ ላይ ሰንሰለት አሰሩ። የሚለወጠው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ አምስት ወር ፈጀ።

በአራተኛው ወር የኻልቲ መስዑዳን ልጅ ሚስት፣ ረቢዓን፣ ምጥ ያዛት። ኻልቲ መስዑዳ ለሠርግና ለልደት ጣፋጭ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ አፋቸው የማያርፍ ባልቴት ናቸው፤ ኻልቲ አክስቴ እንደማለት ነው። ረቢዓን ወንበር ላይ አስቀምጠው አራት ሰዎች በደረጃው ተሸክመዋት ወጡ። ከአራቱ አንዱ ቱሃሚ ነበር። ሁለት መቶኛው ደረጃ አካባቢ ላይ ቆሙ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ከለሏት። የተወለደችው ሴት ልጅ ነች። አላለቀሰችም። ረቢዓ ተረፈች።

አሳንሰሩ ተከፍቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ቱሃሚ አንድ ነገር ወሰነ፤ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ ላይ «ደህና ውሏል» ብቻ ሆነ። ፍሬኑ ሲላላ፣ ወንዝ ዳር ወርዶ ከቆዳ አልፊዎቹ ወፍራም የበሬ ቆዳ ይገዛል፤ በልኩ ቆርጦ በሳሳው ቦታ ይደርብበታል። የተበላ ብሎን ሲያገኝ ከባቡር ጣቢያው ጋራዥ የሚያውቀው ሰው ያስቀርጽለታል። አርብ ከሰዓት ሰው ሲያንስ የብረት ገመዱን ስንዝር በስንዝር በእጁ እየዳበሰ ግራሶ ይቀባዋል። የተበጠሰ ክር እጁን ሲወጋው ቦታውን በልቡ ይይዛል። ማታ ይገባና «ደህና ውሏል» ብሎ ይጽፋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

በጥቅምት 1986 አንድ ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ዘጠኝ ሰው ይዞ ሲወጣ ከላይ እንደ መድፍ ያለ ነገር ጮኸ። ሳጥኑ ተንገጫግጮ ቆመ፤ መብራቱ ጠፋ። አንዲት ሴት ሞት የመጣባት መስሏት «አሽሃዱ» ብላ የእምነት ቃሏን ማለት ጀመረች።

«ዝም በሉና ተቀመጡ» አለ ቱሃሚ። «ፍሬኑ ይዟል። የትም አንሄድም።»

«እሱማ ገብቶናል» አለ ከጨለማው ውስጥ አላዋ። የአንድ ሙሽራ ሙሉ ልብስ በክንዱ ተሸክሞ ነበር። «የትም አለመሄዳችን ነው ያሳሰበን።»

ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ቆዩ። ኻልቲ መስዑዳም እዚያው ነበሩ፤ ትሪ ሙሉ ማቅሩድ የሚባል የተምር ጣፋጭ ጭናቸው ላይ አለ። ሁለተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል ትሪውን ከፈቱትና ለሁሉም አደሉ።

«ለማን ነበር ኻልቲ?» ሲል አላዋ ጠየቃቸው።

«ለአንዱ የጉምሩክ ሰው ልጅ ግርዛት። ተወው፣ ይጠብቅ። እኔ እንደሆንኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከባሌ ጋር እንኳ እንዲህ ተጠጋግቼ አላውቅም፣ አላህ ይማረውና።»

በጨለማው ውስጥ ሳቁ። ቱሃሚ ብቻ አልሳቀም። ጀርባውን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ በልቡ የተበጠሱትን ክሮች ይቆጥር ነበር። እሳት አደጋዎች ሞተሩን በእጅ እያዞሩ አወጧቸው። ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ እጁን ያዘው። «አንተ ባትሆን አልቀን ነበር» አሉት። አላዋ ግንባሩን ሳመው። ያ ስሞሽ ለሳምንታት ግንባሩ ላይ እንደ ትኩስ ነገር ሲያቃጥለው ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ በሩ ላይ ሰንሰለት አደረገ። «ለጥገና ለጊዜው ተዘግቷል» የሚል ወረቀትም ተለጠፈ። ዝናቡ ወረቀቱን እስኪያጥበው ድረስ የመጣ ሰው የለም። ሽማግሌዎች ለመስጊድ መውጣት ተዉ። ተማሪዎች ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሱ ጀመር። ገበያ ላይ ዘይት መጣ ሲባል የደባጊን ሴቶች ደረጃውን ጨርሰው ሲደርሱ ሰልፉ ተበትኖ ይቆያቸዋል።

አላዋ በልብስ ስፌት ቤቱ ሰው ሰበሰበ። አቤቱታ ተጻፈ፤ ሦስት መቶ አርባ ፊርማና የጣት አሻራ ተሞላበት። ማዘጋጃ ቤቱ ባለጉዳይ የሚቀበለው ማክሰኞ ነው፤ በየማክሰኞው አምስት አምስት ሆነው ወጡ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቤቱታውን ተቀብሎ ማኅተም ይመታል። በሚቀጥለው ማክሰኞ ደግሞ «የቱ አቤቱታ?» ይላቸዋል።

«ማኅተም የመታህበት» አለው አላዋ አንድ ቀን።

«ወንድሜ፣ እኔ ማኅተም የማልመታበት ነገር የለም።»

በአራተኛው ወር ሰሚ ተገኘ። የከተማው ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ሲ ነዲር፣ አቶ ነዲር እንደማለት ነው፣ ጉዳዩ በጉባኤ እንዲታይ ቀጠረ፤ ነዋሪዎቹም ገብተው እንዲናገሩ ተፈቀደ። አላዋ የዚያኑ ዕለት ቱሃሚ ቤት መጣ።

«አንተ የውስጥ ሰው ነህ» አለው። «ተነስና ስንት ጊዜ እንዳመለከትክ፣ ስንት ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳሉህ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ የሚመልሱት አይኖራቸውም።»

ቱሃሚ ሻይ ቀዳለት። «እኔ እኮ የማዘጋጃ ቤቱ ደሞዝተኛ ነኝ፣ አላዋ።»

«ለጡረታህ ፈርተህ ነው?»

«እንደዚያ በለው» አለ ቱሃሚ። አላዋ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ውኒሳ ብርጭቆዎቹን አነሳች። አጥባ ደፋቻቸው። ከዚያ፣ «ያን ሁሉ ቆዳ ለጫማ ነው የምትገዛው ብዬ ያመንኩህ ይመስልሃል?» አለችው።

ቱሃሚ ቀና ብሎ አያት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ጫማ ነው ያደረግኸው» አለች።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግን አላዋ ለጡረታህ ፈርተህ ዝም ያልክ ከሚመስለው፣ እውነቱን ቢያውቅ ይሻለኛል።»

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከደባጊን ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ደረጃውን ወጥተው መጥተዋል፤ ኻልቲ መስዑዳን ሁለት ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይዘው አድርሰዋቸዋል። አላዋ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ከደረጃው ላይ ወድቆ ዳሌው ስለተሰበረው ጫማ ሰፊ አነሳ። ከዚያ ኻልቲ መስዑዳ ተነሱ።

«ልጄ ሲ ነዲር፣ እናትህን ሳውቃት ደባጊን ነበር የምትኖረው። ወደ ላይ ከወጣች በኋላ አልመጣችም። አሳንሰር እያለ አልመጣችም፤ አሁን ሳይኖር ትመጣለች ብዬ አልጠብቅም። እኔ ግን ልጠይቃት እፈልጋለሁ። ስኳር ያዛት አሉ። ጣፋጭ ላመጣላት አይደለም፣ ላያት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ከንፈሩን ነክሶ ፈገግ አለ። በዚህ መሃል የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ፣ ፋውዚ የሚባል ወጣት፣ አንድ ክምር መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ነዋሪዎቹ ምክር ቤቱ ችላ ብሎናል ይላሉ» አለ። «ያለፉት አሥራ አንድ ዓመታት መዝገቦች እነዚህ ናቸው። የፈለጋችሁትን ቀን ጥቀሱ፤ አነባለሁ።»

«መጋቢት ሦስት፣ 1981» አለ አንድ የምክር ቤት አባል።

መሐንዲሱ ገለጠ። «ደህና ውሏል።»

«ታኅሣሥ ሃያ፣ 84።»

«ደህና ውሏል። ሁሉም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ዕቃ አልተጠየቀም፣ ብልሽት አልተነገረም። ያልተነገረንን እንዴት እንጠግናለን? መሣሪያው አርጅቶ በድንገት ሞቷል። ባለን በጀት ለአውቶቡስ የሚሆን መንገድ ብንሠራ ይሻላል፤ ያም ቢሆን አምስት ዓመት ይፈጃል።»

አላዋ ፊቱ ደም መሰለ። «ይህን ቢሮህ ተቀምጠህ ነው የጻፍከው! ያን አሳንሰር የሚያውቅ ሰው ደህና ውሏል ብሎ አይጽፍም። ሲወጣ እንደ ግመል ነበር የሚያጓራው። አጭበርባሪዎች ናችሁ!»

ከደባጊን የመጡት ሁሉ ተነሱ። «ውሸት ነው፣ የተፈበረከ ነው» እያሉ ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። መሐንዲሱ መዝገቡን ደረቱ ላይ አቅፎ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ልጅ ነው፤ ገና ሠላሳ አልሞላውም። ቱሃሚ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ አየው። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ልጁ እንዳቀፈው ይኖራል።

ቆቡን አውልቆ ተነሳ።

«ጽሕፈቱ የእኔ ነው» አለ።

በመጀመሪያ የሰማው የለም። ደገመው። አላዋ ዞር አለ።

«ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ደህና አልዋለም። ፍሬኑን በበሬ ቆዳ ነበር የያዝኩት። ገመዱ በ1983 መለወጥ ነበረበት፤ አውቅ ነበር። በ75 እውነቱን ጽፌ አምስት ወር ዘጋችሁት። በዚያ አምስት ወር ረቢዓን በወንበር ተሸክሜ ወጥቻለሁ።» ኻልቲ መስዑዳን ፈልጎ አያቸው። «ከዚያ ወዲያ እውነት መጻፍ አልቻልኩም። ዕቃው ካልመጣ እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ይኸው ነው።»

ሰዎቹ በልባቸው ዓመታቱን ይቆጥሩ ነበር፤ ልጆቻቸውን ስንት ጊዜ እንዳሳፈሩበት፣ ሙሽሮቻቸውን እመሃል ላይ አቁሞ እልል እንዳስባለባቸው።

«የስንት ሰው ሕይወት እንደያዝክ ታውቃለህ?» አለ መሐንዲሱ። ቁጣ አልነበረውም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው።

«በቀን ስድስት መቶ ሰው» አለ ቱሃሚ። «አንድም ቀን አልረሳሁትም።»

ሰብሳቢው ጉባኤውን በተነ። ሰዎቹ ደረጃውን ሲወርዱ ማንም አላናገረውም። አላዋ ከፊት ፈጠን ብሎ ወረደ፤ ሳይዞር። ኻልቲ መስዑዳ ግን ልጆቻቸውን «ልቀቁኝ» ብለው የቱሃሚን ክንድ ያዙ። ሠላሳ ደረጃ ያህል አብረው ወረዱ።

«በእኔ የልጅ ልጅ ነው ያሳበብከው» አሉት።

«ኻልቲ...»

«ቆይ፣ ልናገር። ስም እንኳ አላወጣንላትም ነበር። ከእኔና ከረቢዓ ሌላ የሚያስታውሳት የለም ብዬ ነበር የማስበው። አንተ ደግሞ ለካ በየማታው ስለ እሷ ትጽፍ ኖረሃል።» ጥቂት ወረዱና ቆሙ፤ ተነፈሱ። «ተቆጥቼብሃለሁ። ዘጠኝ ሰው ይዘህ ብትወድቅ ኖሮ እኔም አለሁበት። ግን ክንድህን አልለቅም፤ ብለቀው እኔው ነኝ የምወድቀው።»

ቱሃሚ ከአሳንሰሩ ሥራ ተነስቶ የከተማው መናፈሻ ውኃ አጠጪ ሆነ። ክስ ይመሠረትበታል ተብሎ ነበር፤ ሰብሳቢው ግን አልገፋበትም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም።

ከጉባኤው ሁለት ሳምንት በኋላ መሐንዲሱ ፋውዚ መናፈሻው ድረስ መጣ። ቱሃሚ የጽጌረዳ ሥር ላይ ቱቦ ይዞ ቆሟል።

«ዐሚ ቱሃሚ፣ ያልጻፉትን ሁሉ ያስታውሱታል?»

«ምኑን?»

«ብልሽቱን። እያንዳንዱን። ለአውራጃው ዝርዝር ካላቀረብኩ ገንዘብ አይሰጡም። ‹አርጅቷል› ብል ‹ሁላችንም አርጅተናል› ነው የሚሉኝ።»

ሦስት ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቱሃሚ ተናገረ፣ ፋውዚ ጻፈ። አሥራ አንድ ዓመቱ ከነወሩ ወጣ፤ የትኛው ብሎን መቼ እንደተበላ፣ የትኛው ክር ከስንተኛው ሜትር ላይ እንደተበጠሰ። ፋውዚ በመካከሉ ብዕሩን አስቀምጦ፣ «ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩንም» አለው። ዝርዝሩ አሥራ ስምንት ገጽ ሆነ። የደባጊን ሰዎችም ማክሰኞን አልተዉም። ሴቶቹ ወንበር ተሸክመው እየወጡ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሹራብ ይሠሩ ጀመር። ጸሐፊው በመጨረሻ «የቱ አቤቱታ?» ማለቱን ትቶ «ኻልቲ፣ ዛሬም አልመጣም» ማለት ለመደ።

አላዋ ስምንት ወር ሙሉ አላናገረውም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይመልሳል፤ ሌላ የለም። አንድ የመከር ጠዋት ቱሃሚ በልብስ ስፌት ቤቱ በር ሲያልፍ አላዋ ከውስጥ ጠራው።

«ና ግባ። ሱሪህ ጉልበቱ ላይ አልቋል። ሰፈር ታሰድባለህ።»

ሜትሩን ወገቡ ላይ ጠመጠመና ለካው፤ ቁጥሩን በኖራ ጻፈ። ከዚያ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ሳይል፣ «ሴት ልጄን በየቀኑ ነበር የምትወስዳት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ። እሱ ነው ያቃጠለኝ።» ፒኑን ከአፉ አወጣ። «አንተ ግን እኮ ራስህም ውስጡ ነበርክ። በየቀኑ። እሱን ዘግይቶ ነው ያሰብኩት። እግርህን አትነቅንቅ፣ እወጋሃለሁ።»

አዲሱ አሳንሰር በ1989 ጸደይ ተከፈተ። ብርማ ነው፤ በሩ ራሱ ይዘጋል፤ ሠራተኛ የለውም። ቱሃሚ በምርቃቱ ቀን አልሄደም። ሰው ሁሉ ከተመላለሰበትና ነገሩ ከተለመደ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ከውኒሳ ጋር ገባ። ሌሎች አምስት ሴቶች ነበሩ፤ ቦታ ለቀቁለት። በሩ ተዘጋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ሁሉም እሱን ነበር የሚጠብቁት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቱን እንደሚጫኑ ንገሩኝ» አለ።

ውኒሳ እጇን ዘርግታ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነች። አርባ ሰከንድ ፈጀ፤ ድምፅ የለውም። ቱሃሚ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አዳመጠ። ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ «እንዴት ነው?» አሉት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ፈጣን ነው። ግን በአርባ ሰከንድ ውስጥ ሰው የሚያወራው ነገር የለም።»

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ። ከሰዓት ከሰዓት አላዋ ዘንድ ይቀመጣል፤ አላዋ ይሰፋል፣ እሱ ቁልፍ ይተክላል። ሙሽሮቹ ሐሙስ ሐሙስ መውጣታቸውን አልተዉም፤ አዲሱ ግን እመሃል ላይ አይቆምምና እልልታው የሚሰማው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ኻልቲ መስዑዳ የሲ ነዲርን እናት ጠይቀው መጡ፤ ሦስት ጊዜ ሄዱ። በአራተኛው ሴትየዋ ራሷ በከዘራ ተደግፋ ወረደችና ተወልዳ ያደገችበትን ግቢ አየች። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ቱሃሚ ከልብስ ስፌት ቤቱ ወንበር አውጥቶ ሰጣት፤ ሻይ አመጡላት፤ ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ እስክትገባ ድረስ የድሮ ጎረቤቶቿን ስም አንድ በአንድ እየጠራች የት እንዳሉ ትጠይቃቸው ነበር፤ እነሱም የሚያውቁትን ያህል ነገሯት።